ቋሚ ጊዜያዊ

አንድ የሰፈሬ ልጅ አለ፣ ፕሮግራመር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ወንበር ላይ፣ በአንድ ስክሪን ፊት ተቀምጧል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ይገባል፣ ማታ አሥራ አንድ ተኩል ይወጣል። ሲያረፍድ ይጠየቃል፣ ሲቀር ያስፈቅዳል። አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ካርድ ግን «እንግዳ» ይላል። የኮንትራት ሠራተኛ ስለሆነ ነው። ውሉ በየሦስት ወሩ ይታደሳል፣ ካርዱም አብሮ ይታደሳል። በር ላይ ያለው ጥበቃ «እንግዳችን፣ ዛሬም መጣህ?» እያለ ይቀልድበታል።

ሦስተኛው ወር ሲገባ ልጁ ፊቱ ይለወጣል። ሲቪውን ያድሳል፣ የቴሌግራም የሥራ ቻናሎችን ሲያገላብጥ ያመሻል፣ ለቃለ መጠይቅ መውጣት ሲኖርበት «ጥርሴን አሞኛል» ይላል። (በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ጥርስ እንደታመመ ቆጥረን ስቀናል።) ከዚያ በመጨረሻው ሳምንት አርብ ከሰዓት አለቃው ይጠራውና አዲስ ወረቀት ያስፈርመዋል፤ ልጁም ለሁለት ወር ይረጋጋል። በዓመት አራት ጊዜ ሥራ ፈላጊ፣ በዓመት አራት ጊዜ ተቀጣሪ ነው።

በቀደም ቡና እየጠጣን «አንቺ ጋዜጠኝነት ተምረሻል፤ እስቲ ይሄ ነገር ከየት እንደመጣ ፈልጊልኝ። የሐበሻ ፈጠራ ነው ወይስ ፈረንጅም አለበት?» አለኝ። እኔም በጽሑፍ ቁጥር የምከፈል ሰው ስለሆንኩ ጥያቄው ነካኝ። ፈለግኩ። አለበት፣ ያውም በደንብ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

መጀመሪያ ስለ ቃሉ ትንሽ ላውራ። አዲስ አበባ ውስጥ «ኮንትራት» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ታክሲ ነው። ኮንትራት ስትይዙ መኪናው የእናንተ ብቻ ይሆናል፣ ወደፈለጋችሁበት ይወስዳችኋል፣ ዋጋውም ከተራው ይወደዳል። የኮንትራት ፕሮግራመር ነገርም በወረቀት ላይ እንደዚያ ነው። የጡረታ፣ የሕክምና፣ የዓመት ፈቃድ ስለሌለው በሰዓት የሚከፈለው ከቋሚው ይበልጣል፤ በምትኩ መሪውን የያዘው እሱ ነው፣ በየት በኩል እንደሚሄድ የሚያውቀው እሱ ነው። «ፍሪላንስ» የሚባለው ቃል ደግሞ ዋልተር ስኮት በ1819 መጨረሻ ባሳተመው «አይቫንሆ» ልብ ወለድ ውስጥ ለከፈለው ጌታ ሁሉ ጦሩን የሚያከራይ ወታደር ማለት ነበር። ቅጥረኛ እንደምንለው መሆኑ ነው። ይሄ የሚያናድዳችሁ ፍሪላንሰሮች ካላችሁ፣ ቢያንስ ጦሩ የራሱ እንደነበር አስታውሱ።

አሁን ወደ ታሪኩ። በኮምፒውተር መጀመሪያ ዘመን ፕሮግራም ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም። አይቢኤም ማሽኑን ሲያከራይ ፕሮግራሙን አብሮ ይሰጥ ነበር፤ ለየብቻ ዋጋ ማውጣት እንደሚጀምር ያስታወቀው በ1969 ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ፕሮግራም የፈለገ ድርጅት የሚገዛው የሰው ሰዓት ነው። በ1955 ሁለት የቀድሞ የአይቢኤም ሰዎች በ40,000 ዶላር መነሻ ኒውዮርክ ውስጥ «ኮምፒውተር ዩሴጅ ካምፓኒ» የተባለ ድርጅት አቋቋሙ፤ ሥራው ለሌሎች በኮንትራት ፕሮግራም መጻፍ ነበር። የሶፍትዌር ኩባንያ የሚባለው ነገር ከዚህ ይጀምራል። ስለዚህ ኮንትራት ኋላ የመጣ አይደለም፤ ሙያው ከእሱ ጋር ነው ያደገው።

የምወዳት ታሪክ ግን የእንግሊዟ ናት። ስቴፋኒ ሸርሊ በ1933 ጀርመን ተወለደች፤ በ1939፣ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ የአይሁድ ሕፃናትን ከናዚ ባስመለጠው ባቡር ከእህቷ ጋር ወላጆቿን ትታ እንግሊዝ ገባች። አድጋ ፕሮግራመር ሆነች። በወንዶች መሥሪያ ቤት ሴት መሆን የሚያስከፍለውን ስታይ በ1962 በ6 ፓውንድ ካፒታል፣ እቤቷ ውስጥ፣ «ፍሪላንስ ፕሮግራመርስ» የሚል ድርጅት ከፈተች። ለኩባንያዎች የሥራ ፍለጋ ደብዳቤ ስትጽፍ መልስ የሚሰጣት አጣች። ባሏ «ለምን ስቲቭ ብለሽ አትፈርሚም?» አላት። ፈረመች፣ መልስ መምጣት ጀመረ። በሩን ከፍተው የተቀበሏት ሰዎች «ስቲቭ» ሴት መሆኗን የሚያውቁት እጇን ሲጨብጡ ነበር።

የምትቀጥራቸው ሴቶች አግብተው ወይም ወልደው ከሥራ የወጡ ፕሮግራመሮች ነበሩ። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞቿ 297ቱ ሴቶች ናቸው። ኮምፒውተር አልነበራቸውም፣ ማን ይኖረዋል በዚያ ዘመን? ኮዱን በእርሳስ በወረቀት ይጽፉታል፣ በፖስታ ይልኩታል፣ ሌላ ቦታ ካርድ ላይ ይበሳል። ለሥራው የሚያስፈልገው ዋና ዕቃ የቤት ስልክ ነበር። ደንበኛ ሲደውል የሕፃን ልቅሶ እንዳይሰማ ስቴፋኒ የታይፕ ድምፅ በቴፕ ቀድታ ከበስተኋላዋ ታጫውት ነበር። (በኮሮና ጊዜ ዙም ላይ ልጅ ሲያለቅስባችሁ አፍራችሁ የነበራችሁ፣ አያታችሁን ተዋወቁ።) እንዲህ የሚሠሩት ሴቶች የኮንኮርድ አውሮፕላንን የጥቁር ሣጥን መረጃ የሚተነትነውን ፕሮግራም ጽፈዋል። በ1975 የፆታ መድልዎን የሚከለክል ሕግ ሲወጣ ድርጅቱ ወንዶችንም ለመቅጠር ተገደደ! እሷ ኋላ አክሲዮኑን ለሠራተኞቹ አካፍላ ሰባ ያህሉ ሚሊየነር ሆነዋል። በነሐሴ 2025 በ91 ዓመቷ አረፈች።

ይህችን ታሪክ ለሰፈሬ ልጅ ስነግረው «ታዲያ እነሱ የኮንትራት ሠራተኛ በመሆናቸው ተጠቀሙ እንጂ ምን ተጎዱ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ኮንትራት በራሱ ክፉ አይደለም። እነዚያ ሴቶች ግን ሌሊትም ይሁን ቀን ሕፃኑ ሲተኛ ነው የሚሠሩት፤ ስንት ሰዓት ገባሽ የሚላቸው የለም፤ የሚጠየቁት ሥራውን በቀኑ ስለማድረሳቸው ነው። መሪው በእጃቸው ነበር።

መሪው በሌላ ሰው እጅ ሆኖ ዋጋውን ግን አንተ የምትከፍልበት ኮንትራት የተጋለጠው አሜሪካ ውስጥ ነው። በ1978 የወጣ ሕግ፣ አንድ አሠሪ በዘርፉ ልማድ መሠረት ሰዎችን በራሳቸው የሚሠሩ ባለሙያዎች አድርጎ ሲያሠራ ከቆየ፣ ግብር ሰብሳቢው መጥቶ «ተቀጣሪ ናቸው» እንዳይለው ይከላከልለት ነበር። በ1986 ሬገን የፈረሙት ትልቁ የግብር ማሻሻያ ውስጥ ግን አንቀጽ 1706 የምትባል አጭር ነገር ገባች። በደላላ ድርጅት በኩል ለሚሠሩ መሐንዲሶች፣ ንድፍ አውጪዎች፣ ፕሮግራመሮችና የሲስተም ተንታኞች ያ ጥበቃ ቀረ። ምክንያቱ ስለ ሠራተኛ መብት ታስቦ እንዳይመስላችሁ፤ ለሌላ የግብር ቅናሽ ማካካሻ በአምስት ዓመት 60 ሚሊዮን ዶላር ይገኝበታል ተብሎ ነው። አንቀጹን ያስገቡት ሴናተር ሞይኒሃን ራሳቸው ኋላ እንዲሰረዝ ሞክረዋል። ደላሎቹ ፈሩ፤ በራሱ ስም የሚሠራውን ፕሮግራመር «ወይ የእኛ ተቀጣሪ ሁን ወይ የራስህን ኩባንያ አቋቁም» አሉት። ብዙ ፕሮግራመሮች በዚህ ሕግ በጣም ተናደዋል። ቁጣው ስንት ዓመት እንደቆየ የታየው በአስቀያሚ መንገድ ነው። በየካቲት 2010 አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ ቴክሳስ ኦስቲን ውስጥ ትንሽ አውሮፕላኑን ከግብር መሥሪያ ቤቱ ሕንፃ ጋር አጋጭቶ ራሱንና አንድ ሠራተኛ ገደለ፤ ትቶት በሄደው ጽሑፍ ውስጥ 1706ን በቁጥሯ ጠርቷታል። የሞተው ሠራተኛ ሕጉን አላወጣም። ይህን ሰው እንደ ጀግና የሚያወሩ አጋጥመውኛል፣ ጆሮ አትስጧቸው።

ይልቅ ወደ ማይክሮሶፍት እንምጣ፤ የ«እንግዳ» ካርዱ ዘመድ የተገኘው እዚያ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኩባንያው ከቋሚ ሠራተኞቹ ጎን ለጎን ሶፍትዌር የሚፈትሹ፣ መመሪያ የሚያዘጋጁ፣ ሌላም ሌላም የሚሠሩ ፍሪላንሰሮች ነበሩት። እነዚህ ሰዎች «በራሴ የምሠራ ባለሙያ ነኝ፤ ግብሬንም ጥቅማ ጥቅሜንም የማስበው እኔ ነኝ» የሚል ወረቀት ፈርመዋል። ሥራቸው ግን እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከቋሚዎቹ ጋር በአንድ ቡድን፣ በአንድ አለቃ ሥር፣ በተመሳሳይ ሰዓት ነው። ዓመታት የሠሩ አሉ። ከሌላው ሠራተኛ የሚለዩበትን ነገር የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ይዘረዝራል፤ የደረት ካርዳቸው ቀለም ሌላ ነው፣ የኢሜይል አድራሻቸው ሌላ ነው፣ የኩባንያው ድግስ ላይ አይጠሩም፣ ደመወዛቸውን ከደመወዝ ክፍል ሳይሆን ልክ ወረቀትና ቀለም እንደሚያቀርብ ነጋዴ ደረሰኝ አስገብተው ከሒሳብ ክፍል ይወስዳሉ። ይህን ሳነብ ያንን ጥበቃ ነው ያየሁት፣ «እንግዳችን» ሲል።

በ1989 እና በ1990 የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት መጥቶ መረመረና «እነዚህ ሰዎች ተቀጣሪዎች ናቸው» አለ። የሚመዝነው በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ስም አይደለም። በ1987 ያወጣው መመሪያ 20 መመዘኛዎች ነበሩት፤ ሲጠቃለሉ ግን ጥያቄው አንድ ነው፦ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የሚያዘው ማነው? ማይክሮሶፍት ተቀበለ፣ ያልተከፈለውን ግብር ከፈለ። ከሰዎቹ ጥቂቱን ቋሚ አደረገ፣ ለሌሎቹ ግን «በደላላ ድርጅት በኩል ተመዝግባችሁ ኑ» አላቸው። ያው ወንበር፣ ያው ሥራ፣ አዲስ ደላላ።

በ1992 ጥቂቶቹ ተሰባስበው ከሰሱ። የጠየቁት ቀላል ነገር አልነበረም፤ ተቀጣሪ ከነበርን ለተቀጣሪ የሚሰጠው የቁጠባ ዕቅድና አክሲዮን በቅናሽ የመግዛት መብት ለእኛም ይገባን ነበር አሉ። የዚያ ዘመን የማይክሮሶፍት አክሲዮን ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ በጸሐፊነት የተቀጠሩ ሰዎች ሳይቀሩ ሚሊየነር የሆኑበት ነው። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1996፣ ከዚያም በሰፊ ችሎት በ1997፣ ለሠራተኞቹ አዘነበለ። የፈረሙት ወረቀት እውነታውን አይለውጠውም ማለት ነው። በታኅሣሥ 2000 ኩባንያው 97 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። «ፐርማቴምፕ» የሚለው ቃል በዚህ ክስ ዝናው ወጣ። አማርኛው ቋሚ ጊዜያዊ ይሆናል፣ ሲሰማ ዕብድ የፈጠረው ይመስላል።

እዚህ ላይ ጭብጨባ ጠብቃችሁ ከነበረ ቆዩ። በዚያው በ2000 ኩባንያው አዲስ ደንብ አወጣ፤ ጊዜያዊ ሠራተኛ አንድ ዓመት ከሠራ በኋላ ለ100 ቀን መውጣት አለበት። ለምን? ማንም «ቋሚ ነኝ» የሚልበት ዕድሜ እንዳያገኝ። አሸንፈው ያገኙት ይሄንን ነው፣ የ100 ቀን ሥራ ፍለጋ። ከሳሾቹን አልነቅፍም፣ ገንዘባቸውን አግኝተዋል። ግን ክሱን ሳነብ የመጣብኝ ብስጭት ቀላል አልነበረም፤ አሠሪው ከፍርድ ቤት የተማረው ሠራተኛውን ማክበር ሳይሆን ቀን መቁጠር ነው።

እንግሊዞች የራሳቸውን 1706 ያመጡት በመጋቢት 1999 ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ ባወጣው መግለጫ ቁጥር አይአር35 ይባላል፣ ሥራ ላይ የዋለው በሚያዝያ 2000። በራሱ አንድ ሰው ኩባንያ ስም እየሠራ በተግባር ግን ተቀጣሪ የሆነውን እንደ ተቀጣሪ ግብር ያስከፍለዋል፤ የተቀጣሪ መብት ግን አይሰጠውም። ኮንትራተሮቹ ማኅበር አቋቁመው ተከራከሩ፣ በ2001 ተረቱ። ከመመዘኛዎቹ አንዷን ግን ወድጃታለሁ። ዛሬ ሥራ መግባት ባትችል በቦታህ ሌላ ሰው መላክ ትችላለህ ወይ? ቧንቧ ሠሪ ወንድሙን ሊልክ ይችላል። የሰፈሬ ልጅ ወንድሙን ቢልክ ጥበቃው ምን እንደሚል አስቡት።

በዚያው ሰሞን ዓለም በ2000 ዓመት ችግር ተጠምዳ ነበር። የድሮ ፕሮግራሞች ዓመትን በሁለት አሃዝ ብቻ ስለሚጽፉ 00 ሲመጣ 1900 ይመስላቸዋል ተብሎ፣ ኮቦል የሚያውቁ ጡረተኞች ሳይቀሩ በኮንትራት ተጠሩ፣ የህንድ ኩባንያዎችም በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ላኩ። (የእኛ 2000 የገባው በመስከረም 2007 ነው፤ ለአንድ ጊዜ መዘግየታችን ጠቀመን።) ከጥር 1 ቀን 2000 በኋላ ሥራው አለቀ፣ በመጋቢት ደግሞ የአክሲዮን ገበያው መውረድ ጀመረ። የኮንትራት ሰው ሲወጣ «ተባረረ» አይባልም፣ «ውሉ አለቀ» ነው የሚባለው።

ሥራ ፍለጋውም የራሱ ታሪክ አለው። «ዳይስ» የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ በ1990 ሲጀመር ድረ ገጽ አልነበረም፤ በሞደም ተደውሎ የሚገባበት ሰሌዳ ነበር፣ የተከፈተውም ለኮንትራት የኮምፒውተር ባለሙያዎች ነው። ስሙ የረጅም ስም ምኅፃረ ቃል ቢሆንም ሲነበብ የቁማር ጠጠር ማለት ይሆናል። አጋጣሚ ነው? ልተወው። ኢላንስ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ኦዴስክ በ2003 መጡ፤ ሁለቱ ተዋህደው በ2015 አፕወርክ ተባሉ። ኦዴስክን የፈጠሩት ሁለት ግሪካውያን ጓደኛሞች ናቸው፤ አንዱ አሜሪካ፣ አንዱ ግሪክ ሆነው አብረው መሥራት ፈልገው። የሩቁን ሰው እንዴት ታምነዋለህ ለሚለው ያገኙት መልስ በየአሥር ደቂቃው የሠራተኛውን ስክሪን ፎቶ የሚያነሳ ፕሮግራም ነበር። ስቴፋኒ ሸርሊ የታይፕ ድምፅ ቀድታ የከለለችው ቤት በአርባ ዓመቱ መስኮት ተበጀለት።

ይሄ ሁሉ እኛን ምን አገባን? አገባን እንጂ። በ2024 መንግሥት ከኤምሬትስ ጋር ሆኖ «5 ሚሊዮን ኮደርስ» የሚል ሥልጠና ጀምሯል፤ ኮድ መጻፍ የሚማረው ወጣት ብዙ ነው፣ ውል ማንበብ የሚያስተምረው ግን አላየሁም። ሕጉ ደግሞ አለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ በእኛ 2011 የወጣው፣ በአንቀጽ 9 የሥራ ውል ሁሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል ይላል፤ በአንቀጽ 10 የተዘረዘሩት ካልሆኑ በቀር። ዝርዝሩ ውስጥ የተወሰነ ሥራ፣ ፈቃድ የወጣ ሰው መተካት፣ ድንገተኛ የሥራ ጫና የመሳሰሉት አሉ። በየሦስት ወሩ የሚታደስ የሁለት ዓመት የዘወትር ሥራ ፈልጌ አጣሁ። አንቀጽ 3 በበኩሉ በራሱ የንግድ ወይም የሙያ ኃላፊነት የሚሠራውን ሰው ከአዋጁ ያስወጣዋል፤ አንቀጽ 4 ደግሞ የሥራ ውል የሚለው በአሠሪው መሪነት ሥር የሚሠራውን ነው። አያችሁት? ያው የአሜሪካኖቹ ጥያቄ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ደግሞ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጡበት ነው፤ «እንግዳ» የተባለ ሰው አሥራ አንዱ አይገባለትም።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። በጣቱ መቁጠር ጀመረ። የመግቢያ ሰዓት፣ የእነሱ። ኮምፒውተሩ፣ የእነሱ። ፈቃድ፣ ያስፈቅዳል። ሌላ ደንበኛ መያዝ፣ ውሉ ይከለክላል። ወንድሙን መላክ አይችልም፣ ወንድሙም ባጃጅ ነጂ ነው። ክፍያው? ከቋሚው ጓደኛው ያንሳል። «ኮንትራት ታክሲ በተራ ታክሲ ዋጋ፣ ያውም ሹፌሩ መሪ ሳይነካ» አለና ቡናውን ጠጣ። ልክሰስ እንዴ አለኝ፤ እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ሥራውንም የሚያጣው እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም፣ ስለዚህ ዝም አልኩ።

ባለፈው አርብ እንደተለመደው ተጠራ፣ ፈረመ። ከመፈረሙ በፊት ግን የሰው ኃይል ክፍሏን «የጡረታ መዋጮ ለምን አይገባልኝም?» ብሎ ጠየቃት። «ለኮንትራት የለም» አለችው። «እሺ፣ እሱኑ በጽሑፍ ስጪኝ» አላት። ትንሽ አየችውና «አጣርቼ እነግርሃለሁ» አለች። እስካሁን አልነገረችውም። ካርዱ አዲስ ቀን ተጽፎበት ተሰጥቶታል፣ ጥበቃውም ሰኞ ጠዋት ሰላም ብሎታል። ሦስተኛው ወር ሲገባ ጥርሱን ያመው እንደሆነ እነግራችኋለሁ።